ከጥርስ ጀርባ ለሚለጠፈው ሪቴይነር የትኛው ቁስ ይሻላል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ ጋዜጣችሁ ስለ ጥርስ ማስተካከያ ያወጣው ጽሑፍ፣ ብሬስ በየትኛው ዕድሜ ቢታሰር እንደሚሻል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና ወላጆች ምን ሊጠብቁ እንደሚገባ ለአንባቢ በሚገባ አስረድቷል። ብሬሱ ከተፈታ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ግን በጥቂት መስመሮች ብቻ ያለፈው ሲሆን፣ በእነዚያው መስመሮች ውስጥ በኮምፒውተር ተነድፎ የሚሠራው አዲሱ ሪቴይነር (የተስተካከለው ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዘው ነገር) ከተለመደው የብረት ሽቦ እንደሚበልጥ አከራካሪ ባልሆነ አነጋገር ተቀምጧል። እኔ በአዲስ አበባ በዚሁ ሙያ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብሬሱ ገና ሳይፈታ «አዲሱን ነው የምታደርጉላት ወይስ አሮጌውን?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገሩን አዲስና አሮጌ ብሎ መክፈሉ ግን ወደማያስፈልግ ወጪና ወደ ተሳሳተ ምርጫ የሚመራ ስለመሰለኝ፣ ከጥርስ ጀርባ በቋሚነት ስለሚለጠፉት ሪቴይነሮችና ስለሚሠሩባቸው ቁሶች ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ጥርስ ብሬሱ ከተፈታለት ዕለት ጀምሮ ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ይታገላል። ጥርሱን ከአጥንትና ከድድ ጋር የሚያያይዙት ክሮች በማስተካከያው ወቅት የተለጠጡ ስለሆኑ፣ አዲሱን አቀማመጥ ተላምደው እስኪረጉ ወራት ያስፈልጓቸዋል፤ በጥርሱ አንገት ዙሪያ በድድ ውስጥ ያሉት ደግሞ አንድ ዓመት ሊጠጋቸው ይችላል። በዚህ ላይ ብሬስ አስሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ዕድሜው በገፋ ቁጥር የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶቹ ቦታ እየጠበባቸው መደራረብ ይጀምራሉ። በአሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሪቴይነር ካቆሙ 20 ዓመት የሆናቸውን ታካሚዎች የመረመሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ የታችኛው የፊት ጥርሳቸው አሰላለፍ ተቀባይነት ባለው ሁኔታ ተጠብቆ የተገኘው ከ10 ሰዎች የአንዱ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ «ስድስት ወር ካደረገችው ይበቃታል» የሚለው በየክሊኒኩ የሚሰማው አነጋገር መሠረት የለውም። ሪቴይነር ለዓመታት የሚቆይ ነገር ነው ከተባለ ደግሞ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ታካሚው ራሱ የሚያወልቀውና የሚያጠልቀው ሪቴይነርም አለ፤ ባለ ሽቦውና ባለ ፕላስቲኩ ሰሌዳ፣ እንዲሁም ጥርሱን እንደ ሽፋን የሚያለብሰው ግልጹ ፕላስቲክ። እነዚህ በአግባቡ ከተደረጉ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ችግሩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማታ ማታ ሳይረሳ እንዲያደርጋቸው ማድረጉ ላይ ነው። በምላስ በኩል የሚለጠፈው ሽቦ የተወደደውም የልጁን ትጋት ስለማይጠይቅ ነው። ይህ ሥራ የተቻለው ኒውዮርክ፣ ሮቸስተር ውስጥ ይሠራ የነበረው ማይክል ቦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 የጥርስን ልባስ በአሲድ በማሻከር ሙጫ መሰል ማጣበቂያ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ሽቦን በቀጥታ ከጥርስ ጀርባ መለጠፍ ተጀምሯል። የተገመደ ቀጭን ሽቦን ለዚህ ሥራ በማዋልና ልምዱን በመጻፍ ስማቸው የሚነሣው የኖርዌዩ ቢዮርን ዛክሪሰን ናቸው።

ቁሶቹን ከማወዳደሬ በፊት ሽቦው እንዴት እንደሚለጠፍ መግለጽ ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም ሽቦ ተነቀለ ሲባል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሽቦው አይደለም። በመጀመሪያ የጥርሶቹ ጀርባ ተፍቆ ይጸዳል፤ ታርታር (ጥርስ ላይ የጠጠረ ቆሻሻ) ካለ ይነሣል። ከዚያ 37 በመቶ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ያህል ይቀባና ይታጠባል። በአየር ሲደርቅ አሲዱ የነካው ቦታ ወዙን አጥቶ ነጣ ብሎ መታየት አለበት፤ ያ ንጣት ካልታየ ማጣበቂያው የሚይዘው ነገር የለም። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ አንዲት የምራቅ ጠብታ ብትነካው ሥራው እንደገና ከአሲዱ ይጀምራል። የምራቅ መውጫዎቹ ደግሞ ልክ ከታችኛው የፊት ጥርሶች ኋላ፣ ከምላስ ሥር ስለሚገኙ ረዳቷ የምራቅ መምጠጫውን ለአፍታ ወደ ጎን ብታደርገው ሥራውን ለማበላሸት በቂ ነው። ሽቦው በጥርስ ክር ተይዞ ከስድስቱ ጥርሶች ጀርባ ሳይገፋና ሳይጎተት ከተቀመጠ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ፈሳሽ ኮምፖዚት (በብርሃን የሚጠነክር የጥርስ ማጣበቂያ) ይደረግበትና በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃል። የመነቀል ችግር በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ መሆኑም ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ሽቦው አርጅቶ ሳይሆን ሲለጠፍ አንድ ነገር ተጓድሎ እንደነበር ያመለክታል።

ወደ ቁሶቹ ስመለስ፣ ለአሥርት ዓመታት ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩበት መለኪያ ሆኖ የቆየው ከማይዝግ ብረት የሚሠራው የተገመደ ሽቦ ነው። ሦስት፣ አምስት ወይም ስድስት በጣም ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ ላይ ተገምደው 0.0175፣ 0.0195 ወይም 0.0215 ኢንች፣ ማለትም ከ0.44 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አንድ ሽቦ ይሆናሉ። ግምዱ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛ፣ ወጣ ገባ ያለው ገጹ ኮምፖዚቱ ሰርጎ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ሽቦው ተጣጣፊ በመሆኑ ምግብ ስናኝክ እያንዳንዱ ጥርስ በተፈጥሮው ያለችውን ጥቂት መንቀሳቀስ አይከለክለውም፤ ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር ተመትቶ የገባ አይደለምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተጨማሪም ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ታካሚው ወንበር ላይ እያለ በጉጠት ይታጠፋል፣ ከአንድ ጥርስ ላይ ቢለቅ በዚያው ቀን እዚያው ቦታ ተመልሶ ይለጠፋል። ጉድለቱም ከጥቅሙ አይርቅም፤ ሸካራው ገጽ ቆሻሻ ይይዛል፣ ከጊዜ ብዛትም በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍል ሊበጠስ ይችላል።

ከዚሁ ብረት የሚሠራ ሌላ አማራጭም አለ። ይህ 0.032 ኢንች፣ ማለትም 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ወፍራም ሽቦ ሲሆን፣ የሚለጠፈው ግራና ቀኝ ባሉት ክራንቻዎች ላይ ብቻ ነው። መካከል ያሉት አራት ጥርሶች ሽቦውን ይደገፉታል እንጂ አይጣበቁበትም። በዚህ አሠራር አራቱ ጥርሶች ጥቂት ሊዞሩ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል ግን አንዱ ጫፍ ሲለቅ ሽቦው ወዲያው ስለሚወዛወዝ ታካሚው በዚያው ዕለት ያውቀዋል። በስድስቱም ላይ የተለጠፈው ቀጭን ሽቦ ከአንዱ ጥርስ ላይ ሲለቅ ሌሎቹ አምስቱ ይዘውት ስለሚቆዩ፣ ታካሚው ነገሩን የሚደርስበት አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ከሰልፍ ወጥቶ በመስታወት ሲያየው ነው። ለክትትል መመላለስ ለማይችል ታካሚ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ወጣት፣ እኔ ብዙ ጊዜ ወፍራሙን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከሙያ ባልደረቦቼ በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ።

ስለ ተገመደው ሽቦ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ የተደበቀ ችግር አለ። ሽቦው ሳይነቀልና ሳይበጠስ ጥርሶቹን ራሱ ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል። በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ በአንድ በኩል ያለው ክራንቻ ሥሩ ወደ ከንፈር፣ በሌላው በኩል ያለው ደግሞ ሥሩ ወደ ምላስ ዞሮ ይገኛል፤ ወይም ሁለት ጎን ለጎን ያሉ የፊት ጥርሶች አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ያዘነብላል። ነገሩ ከገፋ ድዱ እየሸሸ የጥርሱ ሥር ይጋለጣል። 3,500 ታካሚዎችን ወደኋላ ተመልሶ የመረመረ አንድ ጥናት ይህን በ1.1 በመቶ ያህሉ ላይ አግኝቷል። መነሻው ብዙ ጊዜ ሽቦው ሲለጠፍ በጣት ተጭኖ ወደ ጥርሱ እንዲጠጋ መደረጉ ነው፤ የታጠፈው ሽቦ የያዘውን ኃይል ከዓመት ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ጥርሱ ላይ ያሳርፈዋል። ጠንከር ያለ ነገር ሲነከስ የሽቦው መጣመምና የግምዱ መላላትም ምክንያት ይሆናሉ። ስለሆነም ሽቦው በቦታው መኖሩን በምላስ መዳሰስ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን የጥርሶቹን አቀማመጥ ብሬሱ በተፈታበት ዕለት ከተነሣው ፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት አለበት። ፎቶግራፉ ካልተነሣ ግን የሚያስተያየው ነገር የለውም፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ወገን ብረት የሌለበት ነው። ከመስታወት ክር ወይም ከፖሊኤቲሊን ክር የተሠራ ቀጭን ጥብጣብ በማጣበቂያ ተነክሮ ከጥርሶቹ ጀርባ ይለጠፍና በብርሃን ይደርቃል። ቀለሙ ከጥርስ ጋር ስለሚመሳሰል አይታይም፣ ለምላስም ልስልስ ነው። በውበቱ የማይከራከሩት ይህ ቁስ ሲደርቅ ግን ግትር ይሆናል፤ ስድስት ጥርሶችን እንደ አንድ ጥርስ አድርጎ ያስራቸዋል። በተፈጥሮ ለየብቻ መነቃነቅ የሚፈልጉ ጥርሶች በእንዲህ ዓይነት ማሰሪያ ሲያያዙ ጫናው የሚያርፈው በማጣበቂያው ላይ ስለሆነ ወይ ጥብጣቡ ይሰነጠቃል ወይ ከአንዱ ጥርስ ላይ ይላቀቃል፤ ስንጥቁን መጠገን ደግሞ ሽቦ እንደ መመለስ ቀላል አይደለም። ከአቅርቦት አንጻርም ቢታይ፣ አስቀድመው በማጣበቂያ ተነክረው ከሚመጡት የመስታወት ክሮች መካከል በማቀዝቀዣ መቀመጥ የሚገባቸው አሉ። ከውጭ አገር ተነሥቶ ጉምሩክ ቆይቶ፣ መብራት በሚጠፋበት መጋዘን አድሮ ክሊኒክ የደረሰ ጥብጣብ ምን ዓይነት ሁኔታ ላይ እንዳለ ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። በፊት ጥርሳቸው ጀርባ ብረት እንዳይኖር በሕክምና ምክንያት ለሚገደዱ ታካሚዎች ግን ዋጋ ያለው አማራጭ ነው።

ጋዜጣችሁ ያወደሰው ሦስተኛው ዓይነት ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ፣ ማለትም ከኒቲኖል የሚሠራው ነው። ሜሞቴይን በሚል ስም ከጀርመን የወጣው በዚህ ረገድ በይበልጥ የሚታወቀው ነው። የታካሚው ጥርስ በአፍ ውስጥ በሚገባ ስካነር ይነሣል፣ ሪቴይነሩ በኮምፒውተር ይነደፋል፣ ከኒቲኖል ሉህ ላይ በሌዘር ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ይወለወላል። ውፍረቱ 0.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገጹ ለስላሳ ነው፣ ከእያንዳንዱ ጥርስ ቅርጽ ጋር ይገጥማል፣ በእጅ የማይታጠፍ በመሆኑም ቀደም ሲል የገለጽሁት የተደበቀ ኃይል ችግር በመርህ ደረጃ ይቀንሳል። የሥራውን ውበት አደንቃለሁ። ሆኖም ወላጆች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ስካኑ ከተነሣበት ቀን ሪቴይነሩ ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ ጥርስ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ አይገጥምም፤ ወንበር ላይ በጉጠት ላስተካክለው ቢባል ቅይጡ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ስለሆነ አይቻልም። ቢሰበር ቁራጭ ቀጥሎ መጠገን አይሠራም፣ እንደገና ማዘዝ ይጠይቃል። ፋብሪካው ባለበት አገር ይህ የቀናት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የውጭ ምንዛሪና የጭነት መዘግየት ባለበት በእኛ አገር ግን የተሰበረበት ልጅ አዲሱን ሲጠብቅ ጥርሱ አይጠብቀውም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ለስላሳ የወርቅ ወይም የብረት ሰንሰለት የሚለጥፉ አሉ፤ ለመለጠፍ ምቹ ነው፣ ቅርጽ ግን አይዝም። ፒክ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክና ከዚርኮኒያ የሚቀረጹትም ብቅ ብቅ እያሉ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚመከሩበት ጊዜ ላይ የደረሱ አይመስለኝም።

የቁስ ልዩነት በእርግጥ ወሳኝ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የኒኬል አለርጂ ነው። የማይዝግ ብረት ብዙውን ጊዜ ወደ 8 በመቶ ኒኬል አለበት፤ ኒቲኖል ደግሞ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ኒኬል ነው። ከሁለቱም ወደ አፍ የሚለቀው መጠን ጥቂት በመሆኑ አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም፤ ነገር ግን ርካሽ የጆሮ ጌጥ ወይም የሰዓት ማሰሪያ ቆዳዋን የሚያሳክካትና የሚያቆስላት ልጅ ከሆነች ለሐኪሙ አስቀድሞ መነገር አለበት። ለእርሷ ታይታኒየም ወይም የመስታወት ክር ይሻላል። ሁለተኛው ኤምአርአይ ነው። ከጥርስ ጀርባ ያለ የብረት ሽቦ በምስሉ ላይ በአፍ፣ በምላስና በመንጋጋ አካባቢ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ታይታኒየም እጅግ ያነሰ፣ የመስታወት ክር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በአፍና በፊት አካባቢ በተደጋጋሚ ኤምአርአይ መነሣት ለሚኖርበት ታካሚ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የጉልበት ኤምአርአይ ሊነሣ ሲሄድ ሽቦውን አስነቅሎ የሚመጣ ሰው ግን ሥራውን በከንቱ አፈረሰ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ውጭ አንዱ ቁስ ከሌላው ይበልጣል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚያስችል ማስረጃ የለም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ በመመዘን የሚታወቀው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ሪቴይነር ባወጣው ግምገማ፣ ከ4,300 በላይ ታካሚዎችን ያካተቱ 47 ጥናቶችን መርምሮ የደረሰበት ድምዳሜ የማስረጃው አስተማማኝነት ዝቅተኛ መሆኑን ነው። ይህ ማለት አዲሱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ይሁንና ይበልጣል ተብሎ በጋዜጣ ለመጻፍም ሆነ ለእርሱ በርካታ እጥፍ ገንዘብ ለማስከፈል የሚያበቃ ነገር የለም።

የውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት በጥቂት መስመር የሚያልፉት፣ ለእኛ ግን ከቁሱ ምርጫ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ እርሱም የበለዘ ጥርስ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በአካባቢያቸው የከርሰ ምድር ውኃ የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ወሰን በብዙ እጥፍ የሚያልፍባቸው ጉድጓዶች አሉ። በልጅነቱ ያንን ውኃ ጠጥቶ ያደገ ሰው የጥርሱ የላይኛው ልባስ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት አሲድን ይቋቋማል። ለሌላው ሰው የሚበቃው የ30 ሰከንድ አሲድ በእርሱ ጥርስ ላይ ያቺን የምንጠብቃትን ንጣት በቅጡ አያመጣትም፤ የተለጠፈውም ሽቦ ጀርመን የተሠራ ይሁን ቻይና፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አሲዱን ማቆየት ወይም የላይኛውን ስስ ገጽ በደቃቅ አሸዋ መሰል ዱቄት በአየር ግፊት መፋቅ ይኖርበታል። ስለዚህ እኔ አንድ ወጣት ሽቦ ሊለጠፍለት ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ልጅ ሆነህ የት ነው ያደግኸው?» ብዬ ነው፤ ብልዙ ከፊት በኩል ደብዛዛ ሆኖ ከኋላ በኩል በይበልጥ የሚታይባቸው ስላሉ መስታወቱን አዙሮ ጀርባውን ማየትም ያስፈልጋል።

ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ አመጋገብ አለ። ቆሎ፣ በቆሎ እሸት ከነቆረቆንዳው፣ ሸንኮራ አገዳ በፊት ጥርስ መላጥና አጥንት መጋጥ የትኛውንም ቁስ የሚያስለቅቁ ናቸው፤ በተለይ በላይኛው መንጋጋ፣ የታችኞቹ ጥርሶች ሲነክሱ በቀጥታ ሽቦው ላይ ስለሚያርፉ፣ መነቀል ይበዛል። ቆሎውን አትብሉ ማለቴ አይደለም፣ በመንጋጋ ጥርስ ይበላ። መፋቂያ ለፊት ለፊት ገጽ መልካም ነው፤ ከሽቦው ሥር ግን አይደርስም፣ የተተለተለው ጫፉም ሊይዘው ይችላል። ከሽቦው በታች የሚከማቸውን ለማጽዳት ጫፉ ጠንካራ የሆነ የጥርስ ክር ወይም በጥርሶች መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ያስፈልጋል። ታርታሩን ለማስወገድ በየስድስት ወሩ መታየት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ እመጣለሁ። ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለእረፍት የመጡ፣ አንዳንዴም እዚሁ ሌላ ክሊኒክ የታከሙ ሰዎች የተላቀቀ ሪቴይነር ይዘው ይመጣሉ። ከምን እንደተሠራ፣ መቼና በምን ማጣበቂያ እንደተለጠፈ የሚያውቅ የለም። ሽቦው ብረት ይሁን ታይታኒየም በዓይን አይለይም፤ ኒቲኖል ከሆነ ላጥፈው አልችልም፣ ብረት ከሆነ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ጥርሱ ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር ወይስ ተንቀሳቅሶ ነው ለሚለው ጥያቄም መልስ የሚሰጥ ፎቶግራፍ የለም። አንድ እናት ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት ብሬሷ የተፈታበት ክሊኒክ መዝገቡን ሊሰጣቸው ባለመቻሉ የልጅቷን የምረቃ ፎቶግራፍ ከስልካቸው አውጥተው አሳይተውኛል፤ ፈገግ ያለችበት ስለነበር በእርሱ ሠራን። በተቃራኒው እዚህ ታክመው ወደ ውጭ የሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ እነርሱን የሚቀበላቸው ሐኪም የሚያየው ያንኑ ባዶ ታሪክ ነው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ለሙያ ባልደረቦቼና ለሙያ ማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ብሬስ የሚፈታለት ታካሚ ሁሉ ከክሊኒኩ ሲወጣ አንድ ካርድ ይሰጠው። በካርዱ ላይ ሪቴይነሩ የተለጠፈበት ቀንና ጥርሶቹ፣ የቁሱ ስምና ውፍረት፣ የማጣበቂያው ስም፣ ጥርሱ የበለዘ ከሆነ የተደረገለት ልዩ ዝግጅት ይጻፍ፤ በዕለቱ ከፊት፣ ከላይና ከታች የተነሡት ፎቶግራፎችም ወደ ታካሚው ስልክ ይላኩ። ወጪው የአንድ ወረቀትና የጥቂት ደቂቃዎች ነው። ወላጆችም የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላቸው በፊት ካርዱን ቢጠይቁ መብታቸው ነው፤ የተለጠፈው ነገር ምን እንደሆነ ለመጻፍ የሚያመነታ ክሊኒክ ካጋጠማቸው ደግሞ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ከተለጠፈው ሽቦ በተጨማሪ ማታ የሚደረግ ግልጽ ፕላስቲክ እንዲሠራላቸውም ቢጠይቁ እመክራለሁ፤ ሽቦው በአጋጣሚ ሲለቅ ሐኪም ጋ እስኪደርሱ ድረስ ጥርሱን የሚይዘው እርሱ ነው። እስከዚያው የተላቀቀውን ሽቦ በጥፍር መቆንጠጥም ሆነ በመቀስ መቁረጥ አይገባም፤ ጫፉ ምላስ የሚወጋ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገኝ የብሬስ ሰም ይደረግበት፣ በሳምንት ውስጥም ይታይ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጥርስ ሐኪም
አዲስ አበባ